የግል ትምህርት ቤት ቁጥር የወላጅን ትጋት አይለካም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ድርሻ ከክልል ክልል ለምን ይህን ያህል ይራራቃል? መልሱ ግን አልተዋጠልኝም። አንዳንዱ ቦታ ላይ እንዲያውም አሳዝኖኛል፤ የተነካው ልጁን ለማስተማር ሌት ተቀን የሚለፋ ወላጅ ነውና።

ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ልጅ በግል ይማራል። ድሬዳዋና ሐረሪም ከፍ ይላሉ። በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በሶማሌ፣ በአፋር ግን ድርሻው ትንሽ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ልዩነቱን ያመጣው ወላጅ ለትምህርት የሚሰጠው ዋጋ ነው ይላሉ። የግሉ ድርሻ ባደገበት ቦታ ትምህርት አድጓል ይላሉ። ለማስረጃ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ይጠቅሳሉ። ግሉ በሰፋ ቁጥር የመንግሥት ሸክም ይቀላልም ይላሉ። መጨረሻ ላይ ክልሎች ለባለሀብት መሬትና የግብር እፎይታ ሰጥተው የግል ትምህርት ቤት ያስፋፉ ሲሉ ይመክራሉ።

ልዩነቱ መኖሩ ላይ ክርክር የለንም። በአገር ደረጃ ከመቶ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው የሚማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ግማሽ ያህሉ መንግሥታዊ ባልሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የምንለያየው ቁጥሩ ምን ይነግረናል በሚለው ላይ ነው።

ከወላጁ ልጀምር። የቆረቆረኝ እሱ ነው።

እኔ በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬ ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ሆነው ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ። ዓርብ ማታ ስንቅ ለማምጣት ተመልሰው ይሄዳሉ። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው አባት በግ ይሸጣል፤ በግ ከሌለው ዶሮና እንቁላል ይሸጣል። እናት የ15 ዓመት ልጇን ብቻዋን ከተማ አስቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ በጭንቀት ታሳልፋለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ ሠርታ ነው ደብተር የምትከፍተው።

ይህ ወላጅ በጸሐፊው ሰንጠረዥ ላይ የት ነው ያለው? "መንግሥት ትምህርት ቤት" በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። የከፈለው ኪራይ አይታይም። የሸጠው በግ አይታይም። ከዚያም አልፎ የቀበሌው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሲጨመርበት ድንጋይ የሚያመላልሰው፣ እንጨት የሚያዋጣው፣ ወላጅ መምህር ህብረቱ መዋጮ ሲጥል ከኪሱ የሚያወጣው እሱ ነው። በስታቲስቲክሱ ግን ልጁን በነጻ የሚያስተምር ተብሎ ይመዘገባል። ለትምህርት ዋጋ አይሰጥም የተባለው እንግዲህ ይህ ሰው ነው!

እና ለምን ታዲያ የግል ትምህርት ቤት አልከፈለም? የሚከፈልበት ስለሌለ ነው። የማይኖረውም በሁለት ተራ ምክንያቶች ነው።

አንዱ ርቀት ነው። የግል ትምህርት ቤት ለመክፈት ባለቤቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ መክፈል የሚችሉ ጥቂት መቶ ቤተሰቦች ያስፈልጉታል። የገጠር መንደር የተበታተነ ነው። አንዱ ቤት ከኮረብታው ወዲህ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ ነው። አፋርና ሶማሌ ደግሞ ሌላ ነው፤ አርብቶ አደሩ ከነከብቱ ውኃና ሣር ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ቋሚ ትምህርት ቤት የመንግሥት ቢሆን እንኳ ልጁን አይከተለውም። መደበኛ ትምህርት ቤት ለማይደርሳቸው ልጆች የተዘጋጀው፣ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው ሥርዓት የመጣውም ለዚህ ነው። እንደዚህ ባለ ቦታ የግል ትምህርት ቤት የለም ብሎ መገረም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የገንዘቡ ጊዜ ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ ወይም በየተርሙ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከነመመዝገቢያው በነሐሴና በመስከረም ይመጣል። የብዙው ገበሬ ጎተራ ባዶ የሚሆነው ልክ በዚያ ጊዜ ነው። እህል የሚወቃው ከኅዳር በኋላ ነው። ገበሬው በጥር ብር አለው፤ በመስከረም የለውም። ደመወዝተኛው ግን በየወሩ መጨረሻ፣ ትንሽም ትሁን፣ የምትገባለት ብር አለች። የግል ትምህርት ቤት የቆመው በወር ደመወዝና በዕለት ሽያጭ ላይ ነው። እሱ ባለበት ይበዛል፤ በሌለበት አይኖርም። ፍቅርና ንቀት እዚህ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ደግሞ ከመንግሥት ዓምድም ከግል ዓምድም ውጭ የሆነ ወጪ አለ። ለቁርዓን መምህር የሚከፍል የሶማሌና የአፋር ወላጅ፣ ልጁን የኔታ ዘንድ የሚልክ የጎጃምና የጎንደር ወላጅ፣ ሁለቱም ለልጅ ትምህርት እያወጡ ነው። አንዱም ሰንጠረዡ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ጸሐፊው የከተማዋን ወላጅ እንደ ምሳሌ ነው ያቀረቡት። መክፈሉ እውነት ነው። ግን በምርጫው ነው?

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ እናት ናት። ልጇን በአራት ዓመቱ ግል ኬጂ አስገባችው። ያኔ በአቅራቢያዋ የነበረው የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ሞልቷል ተባለች። የግሉ ግን በሰፈሩ ውስጥ አንድ ቪላ ተከራይቶ የተከፈተ ነው፤ በሩ ላይ ሚኪ ማውስ ተስሎበታል፤ ልጁንም እስከ ማታ ያቆይላታል። ኬጂውን ሲጨርስ እዚያው አንደኛ ክፍል ገባ። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፤ የለመደው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እዚያ ነው። አሁን ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ታለቅሳለች፤ ግን አላዛወረችውም።

ይህ የአንድ ሰፈር ታሪክ ብቻ አይደለም። መንግሥት ለረጅም ጊዜ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ትምህርት ለግል፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ትቶት ነበር። የቅድመ መደበኛ ፖሊሲ ማዕቀፍ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ዜሮ ክፍል የሚባለው፣ ለአንደኛ ክፍል ማዘጋጃ የሆነው ትምህርት፣ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ የአዲስ አበባ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው በአብዛኛው መንግሥታዊ ባልሆነ ኬጂ ነበር። የግል ድርሻው ግማሽ የደረሰው መንግሥት በሩን ዘግቶ ስለቆየ ጭምር ነው። ፈረቃውንም አንርሳ። ልጁ ግማሽ ቀን ብቻ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ እናትና አባት ቀኑን ሙሉ ለሚሠሩበት ቤተሰብ አይሆንም።

ታሪኩም አለ። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን በ1960ዎቹ መጨረሻ ወረሰ። ዘርፉ እንደገና የተነሳው ከ1983 በኋላ፣ በተለይም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ ነው። ባለሀብቱ ሲመለስ የሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ። ዛሬ የምናየው ካርታ የዚያ ጉዞ ዱካ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሠሩት ትልቁ የአሠራር ስህተት ይታየኛል። ከተማን ከክልል ጋር አወዳደሩ። አዲስ አበባ ከተማ ናት። ድሬዳዋ በአብዛኛው ከተማ ናት። ሐረሪ ማለት ሐረር ከተማና ዙሪያዋ ነው። ኦሮሚያ ግን ከወለጋ እስከ ቦረና ነው። አዲስ አበባን ከአዳማ፣ ሐረርን ከደሴ ቢያወዳድሩ ኖሮ ልዩነቱ በጣም ይጠብ ነበር። የሚቀረው ልዩነት ከገቢና ከከተማ ስፋት የሚመጣ ይሆን ነበር።

"የግል" በሚል ስም የተጠቃለለውም አንድ ዓይነት አይደለም። በስታቲስቲክሱ ያለው ዓምድ "መንግሥታዊ ያልሆነ" ነው የሚለው። በዚያ ውስጥ ለትርፍ የተከፈተው አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አለ። የመካነ ኢየሱስ አለ። የመስጊድ አለ። የግብረ ሰናይ ድርጅት አለ። የልማት ማኅበራት ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ መቀሌ ያለው የትግራይ ልማት ማኅበር ቃላሚኖ፣ ሶዶ ያለው የወላይታ ልማት ማኅበር ሊቃ እንደ ምሳሌ ይነሳሉ። አዲግራት አካባቢ ወይም ወላይታና ከምባታ ውስጥ ያለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቦሌ ካለው ባለ አምስት ፎቅ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ዓምድ ሲደመር፣ ቁጥሩ ስለ ባለሀብት የሚናገረው ነገር የለም። ደቡብ ውስጥ አንዳንድ ዞኖች ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ቢታይ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የትኛው ሚሲዮን የት ሰፈረ የሚለው ነው አንዱ መልስ።

የግሉ ድርሻ ካደገ ትምህርት አድጓል የሚለውን ነጥብ እንይ። ድርሻ ማለት ክፍልፋይ ነው። ላይኛው ሳይጨምር ታችኛው ቢቀንስ ድርሻው ያድጋል። አንድ ዞን 100 ሺህ ተማሪ አለው እንበል። ከነዚህ 6 ሺህ በግል ይማራሉ። ድርሻው 6 በመቶ ነው። ግጭት መጣና የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ 50 ሺህ ልጅ ቤቱ ቀረ። የከተማዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ግን ቀጠሉ። አሁን 6 ሺህ ከ50 ሺህ ነው፤ 12 በመቶ። የግሉ ድርሻ እጥፍ ሆነ። አንድም አዲስ ልጅ አልተማረም፤ ሃምሳ ሺህ ልጅ ከትምህርት ወጣ።

ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት፤ ነገሩ ግን ምናባዊ አይደለም። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በነበረው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ትግራይ ውስጥ ከኮሮናው መዘጋት እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ልጆች ዓመታት አጥተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የግል ድርሻ ከፍ አለ ብሎ መደሰት ያማል። ጸሐፊው ይህን አስበው አልጻፉትም ብዬ አምናለሁ። ግን ከትምህርት የራቀውን ልጅ ያልቆጠረ ንጽጽር ወደዚህ መውሰዱ አይቀርም።

ስለ ደቡብ የጻፉትም በዚሁ ምክንያት አያስኬድም። የቀድሞውን ደቡብ ክልል ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድረው ድርሻው ወርዷል ይላሉ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም ከሱ ጋር ወጣች። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ። በ2015 መጨረሻ የቀረውም ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባሉ። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ከስሌቱ ስትወጣ ድርሻው ቢወርድ ምን ይገርማል? የአዲስ አበባ ዙሪያም እንዲሁ ነው። ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን አዲስ አበባ ያስተምራል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ሚኒባሶቹን ያየ ያውቀዋል። ልጁ የሚቆጠረው ትምህርት ቤቱ ባለበት ነው። ወላጁ የሚኖረው ኦሮሚያ፣ ቁጥሩ የሚገባው አዲስ አበባ ይሆናል።

ወደ 12ኛ ክፍል ውጤት እንሂድ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014ቱ ተፈታኞች ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። በ2014 ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,161 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ይህ የአገር ጉዳት ነው፤ የክልል ፉክክር ማድመቂያ ሊሆን አይገባም።

ጸሐፊው አዲስ አበባ የተሻለ ውጤት ማምጣቷን ከግሉ ብዛት ጋር ያያይዙታል። ግን ከአገሪቱ ምርጥ ውጤት ካመጡት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የደሴው ልዩ አዳሪ አለ፤ አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ አለ። እነዚህ ለትርፍ የተቋቋሙ አይደሉም። የገጠር ልጅም ይገባባቸዋል። ምን አላቸው? ተማሪ በፈተና ይመርጣሉ፤ መኝታና ምግብ አለ፤ አስተማሪው አይጎድልም፤ መብራትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ብዙ ጎበዝ የግል ትምህርት ቤትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በፈተና ወይም በክፍያ ይመርጣል። ተመርጦ የገባ ልጅ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ምስጋናው የባለቤትነቱ ዓይነት አይሆንም።

አስተማሪውስ? በብዙ የክልል ከተማ የግል ትምህርት ቤት የፊዚክስና የሒሳብ መምህር የመንግሥት መምህር ነው። ጠዋት በአንዱ ፈረቃ ያስተምራል፤ ከሰዓት ወደ ግሉ ይሮጣል። አብረውኝ ያስተማሩ ባልደረቦቼ ይህን ያደርጉ ነበር፤ ደመወዙ ስለማይበቃ አልፈርድባቸውም። ያው ሰው፣ ያው ጠመኔ። ልዩነቱ በአንዱ ክፍል 35 ልጅ፣ በሌላው 70 ልጅ መቀመጡ ነው። ግሉ በሰፋ ቁጥር የመንግሥት ሸክም ይቀላል የሚለውን ነጥብ የማልቀበለውም ለዚህ ነው። መምህሩ ደክሞ የሚመጣው የመንግሥቱ ክፍል ነው።

ሸክሙም ይመለሳል። አከራዩ ቪላውን ሲፈልገው ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹ በጥቅምት መቀመጫ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ክፍያ ሲጨምር ወላጅ ልጁን ወደ መንግሥት ይመልሳል። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ሲጀምር ይህን ያደረጉ ወላጆችን አውቃለሁ። ልጃቸውን መውደድ በዚያ ዓመት አላቆሙም። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሻሻል መርጠውት ገቡ እንጂ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ደግ አይሆንም። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ለወላጅ መልስ ይሰጣል ይላሉ። እውነት ነው። ልጅ ከቀረ በዚያው ቀን ይደወላል። የመገናኛ ደብተር አለ፤ ወላጅ በየሳምንቱ ይፈርማል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህን ማድረግ ይችላል፤ ብዙ ብርም አይጠይቅም። ይህን ሐሳብ አስፍተው ቢጽፉበት ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው መሬትና የግብር እፎይታው ነው። ክልሎች ለባለሀብት መሬት ቢሰጡ መሬቱ የሚሰጠው የት ነው? አስፋልት ዳር፣ ዞን ከተማ ላይ፣ ደመወዝተኛ በሚኖርበት ሰፈር ነው። ባለሀብቱ ተማሪ ወደሌለበት አይሄድም፤ ሊሄድም አይገባውም። ስለዚህ ድጋፉ የሚደርሰው አሁንም የተሻለ ዕድል ላለው ልጅ ነው። የግሉ ድርሻ በሰንጠረዡ ላይ ሁለት ነጥብ ይጨምር ይሆናል። እሑድ ከሰዓት ስንቅ ተሸክማ ለምትገባው ልጅ ግን ምንም አይጨምርላትም።

ለእሷ የሚያስፈልገው በወረዳው ከተማ፣ ከሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት አጠገብ፣ የሴት ልጆች ማደሪያ ነው። አጥር ያለው፣ ውኃ ያለው፣ ማታ መብራት ያለው፣ አንዲት ተቆጣጣሪ ያለችው። ከሱ በፊት ደግሞ በየቀበሌው ያለው ዜሮ ክፍል የሠለጠነ መምህር ያግኝ። ብዙ ቦታ ዜሮ ክፍል ማለት ባዶ ክፍል፣ ምንጣፍና አንዲት የተቸገረች አስተማሪ ነው። በግጭት የተዘጉት ትምህርት ቤቶችም ይከፈቱ። ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ ትምህርት ቤት መክፈት ከፈለገ እሰየው፤ ማንም አይከለክለው። ወረዳው የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ካለው ግን ለማደሪያው ይስጠው።